የመዳፍ ፈተና

ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ ላይ የቀን ሠራተኛ ሲቀጠር ስሙን የሚጠይቀው የለም። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከመተማና ከጎንደር ቆላ የወረደው ሁሉ ማለዳ ከሎሪዎቹ አጠገብ ተሰልፎ ይቆማል። የእርሻው ወኪል ይመጣና "እስቲ እጅህን" ይላል። መዳፉን ገልበጥ አድርጎ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያለ ይዳስሳል። ከዚያ "ውጣ" ወይም "ቅር" ነው። ውጣ ማለት ሎሪው ላይ ውጣ ማለት ነው። መዳፉ እንደ አሮጌ ጎማ የሻከረ ይወጣል፤ የለሰለሰ ይቀራል። ይግባኝ የለም።

እኔ በዚህ ፈተና የምተዳደር ብሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ዶካ ላይ ቆሜ ፀሐይ ሲመታኝ ታገኙኝ ነበር። ደግነቱ እንጀራዬ ስልክ ጥገና ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ታሪክ ነው፤ የምሠራው የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት መቀየር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር፣ በሁለቱም የሌላ ሰው ስብራት ላይ ማፍጠጥ መሆኑ ነው።

በዚያ ማለዳ አያ እንዳለው የሚባሉ ወኪል ሠራተኞቻቸውን ወደ እርሻ ሊወስዱ ነበር። እኔም እርሻው ላይ ለስልክ መሙያ የሚሆን የፀሐይ ኃይል ልተክል አብሬ እሄዳለሁ። አያ እንዳለው የአርማጭሆ ሰው ናቸው። ሱዳን ከገቡ ወዲህ ጢማቸው ሸብቷል፣ ጥምጣማቸው ረዝሟል፤ ዓረብኛቸው ግን ከ"ተማም"ና ከ"ሙሽኪላ"፣ ማለት ከ"ደህና"ና ከ"ችግር"፣ ብዙም አልራቀም። በሥራ ቀን የአንድ ሱዳናዊ ባለ እርሻ ወኪል ናቸው፤ በበዓል ቀን ደግሞ የዶካ ሐበሾች የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለት አለቃ ናቸው። ሁለቱንም ሹመት የሚሠሩበት በአንድ መሣሪያ መሆኑን ያወቅሁት ግን በዚያ ቀን ነው። መሣሪያው አውራ ጣታቸው ነው።

ሰልፉን እየዳሰሱ መጥተው አንድ ቀጭን ረጅም ወጣት ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፉን ዳሰሱ፤ ደግመው ዳሰሱ፤ ፊታቸው በራ።

"እሰይ! እጅ ማለት ይህ ነው! ይህ ልጅ ከእናቱ ሆድ ማጭድ ይዞ ነው የወጣ። ስምህ ማነው?"

ስም እስከ መጠየቅ መድረሳቸው ትልቅ ክብር ነበር። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

"ማስተዋል እባላለሁ፣ አያ። ማጭዱን እንኳ የያዝሁት አምና ነው። ከዚያ በፊት የያዝሁት ዲግሪ ነበር።"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። አያ እንዳለውም ሳቁ።

"አንተ ቀልደኛ! የዲግሪ እጅ አላውቅም መሰለህ? ያውልህ የዲግሪ እጅ!" ብለው የእኔን ክንድ እንደሚሸጥ ዶሮ አንሥተው ለገበያው አሳዩት። "ዳስሰው እስቲ። ቅቤ ነው! ያንተ እጅ የዲግሪ ከሆነ የአህያዬ ኮቴ ሊቀ ሊቃውንት ነው።"

"እውነቴን ነው፣ አያ። የግብርና ምጣኔ ሀብት ነው የተማርሁ። ሥራ ስፈልግ ቆየሁና፣ ሥራ እኔን ስላልፈለገኝ ወደዚህ ወረድሁ።"

"በል ውጣ፣ ዲግሪው። የቀረውን በመንገድ ታወራናለህ።"

ወጣን። ከሾፌሩ ጀርባ የሠራተኛው ወጥ ሠሪ አሰፋሽ ተቀምጣለች። ከጎኗ ልጇ ሄለን ድስቶቹ እንዳይንከባለሉ በሁለት እጇ አቅፋ ይዛለች። ሄለን ዶካ ባለችው የሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት ስድስተኛን የጨረሰች ልጅ ናት። ከዚያ በላይ ለመማር ገዳሪፍ መሄድ ያስፈልጋል፤ ገዳሪፍ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ማደሪያ ደግሞ አሰፋሽ የሌላትን ይፈልጋል።

ወኪል ጋቢና ነው የሚቀመጥ። አያ እንዳለው ግን ጋቢና ውስጥ የሚያዳምጣቸው ሾፌሩ ብቻ ስለሆነ፣ እሱም አማርኛ ስለማይሰማ፣ ከእኛ ጋር ላይ መውጣት ይመርጣሉ። ገና ከዶካ ሳንወጣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዘንድሮ ማኅበራችን ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከዚህ በፊት ያዋጣነውን ሁሉ በልተን ጠጥተን ነበር የምንበተን። አሁን ግን ከዶካ ሐበሾች ልጆች አንዱን ገዳሪፍ ልናስተምር ቃል ገባን። ማደሪያው ወይዘሮ በለጡ ቤት ተይዟል፤ ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። የሚማረውን ልጅ እንድመርጥ አደራው ለእኔ ተሰጠ።"

"ይባርካችሁ! ታዲያ ማንን መረጡ?" አለ ማስተዋል።

"የባለ ሱቁን የኪዳነማርያምን ልጅ፣ ኢሳያስን።"

ሄለን ድስቱን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። አሰፋሽ ወደ ሜዳው ዞረች። ከዶካ ውጪ ያለው ሜዳ ደግሞ እንዲህ ያለ ትኩር ብሎ የሚታይ ነገር እንደሌለው እኔ ምስክር ነኝ።

"በምን ለዩት፣ አያ?"

"በምን እለያለሁ? በእጁ ነዋ! ልጆቹን በየተራ አስጠራሁ፤ መዳፋቸውን ዳሰስሁ። የሌሎቹ እጅ ገና ከአሁኑ የማጭድ ነው። የኢሳያስ እጅ ግን ሐር ነው፣ ሐር! እግዜር ብዕር እንዲይዝ ያለሰለሰውን እጅ እኔ ማን ነኝና አሻክረዋለሁ?"

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ እንዳትስቅ። አያ እንዳለው በዚህ አውራ ጣት ስንት ጎበዝ መርጠው አንድም ቀን አላፈሩም። ሰው በአንድ ነገር ሲሳካለት በዚያው ቁልፍ የሁሉን ቤት በር ሊከፍት ይነሣል። እኔ ራሴ የተበላሸ ነገር ሁሉ ተዘግቶ ቢከፈት የሚድን የሚመስለኝ ስልክ ጠጋኝ ስለሆንሁ ነው።

ማስተዋል ወደ አያ እንዳለው ጠጋ አለ። ከዚያ በትሕትና እንዲህ አለ፦

"አያ እንዳለው፣ ደፈረኝ አይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ለእርሻ ሲመርጡ ሻካራውን ይወስዳሉ።"

"እወስዳለሁ።"

"ለትምህርት ሲመርጡ ለስላሳውን።"

"ለስላሳውን።"

"ታዲያ ሁለቱም ፈተና የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አይደለም? 'አባትህ ሀብታም ነው ወይ' ነው የሚለው። አዎ ያለ ወደ ደብተር፣ የለም ያለ ወደ ማጭድ።"

"ኧረ በሥላሴ! እኔ ስለ ሀብት አንድ ቃል ተናገርሁ?"

"አልተናገሩም። መዳፉ ነው የተናገረው። የኢሳያስ እጅ የለሰለሰው አባቱ ሱቅ ስላለውና ውሃ የሚቀዳ ሠራተኛ ስለቀጠረ ነው። እግዚአብሔርማ ሁሉንም ሕፃን በለስላሳ እጅ ነው የሚፈጥር። ሻካራ እጅ ይዞ የተወለደ አይተው ያውቃሉ?"

"እንግዲህ ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፣ ልጄ። ኪዳነማርያም ራሱ ስሌት አዋቂ ነው። ልጁም እሱን ነው የወጣ።"

"ኢሳያስ ሚዛኑ ሥር ነው ያደገው፤ አባቱ ሲመዝንና ሲያሰላ እየሰማ። ሄለንን ሚዛኑ ሥር ቢያሳድጓት፣ እሱን የውሃው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቢያሳድጉት፣ ዛሬ ዘር የሚሉት ነገር ወዴት ይስብ ነበር?"

ይህን ጊዜ ታምሬ የሚባል ልጅ ጣልቃ ገባ። ታምሬ የአያ እንዳለው የእህት ልጅ ሲሆን፣ ያለ ዳሰሳ ሎሪ ላይ የሚወጣ ብቸኛ ፍጡር ነው።

"ተው እንጂ ማስተዋል፣ ሰውዬው የማኅበር ሙሴ ናቸው። ሙሴን የምትከራከር አንተ ፈርዖን ነህ?"

"ዝም በል አንተ!" አሉት አያ እንዳለው። "ይከራከረኝ፣ ደስ ይለኛል። እኔ እንዲያው በእጅ ብቻ የመረጥሁ አይምሰልህ፣ ዲግሪው። ምክንያት አለኝ። የድሃ ልጅ ብትልክ መንገድ ላይ ይቀራል። እናት ታማለች ተብሎ ይጠራል። ጫማ የለኝም ብሎ ያፍራል። በዓመቱ ተመልሶ እዚሁ ሎሪ ላይ ታገኘዋለህ። የኪዳነማርያም ልጅ ግን ቢቸግረው አባቱ ይደርስለታል። የማኅበር ገንዘብ የሰው አደራ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ልቀርበት?"

ይህን ከማለታቸው ሎሪው ጭቃ ውስጥ ቀረ።

እውነቴን ነው። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ እርሻው የሚወስደውን መንገድ ገና ከመጀመራችን፣ የጥቁሩ ዋልካ ጭቃ የኋላ ጎማችንን እስከ ወገቡ ዋጠው። ሾፌሩ ከጋቢና ወርዶ ጎማውን አየ፤ "ያ ጀማዓ፣ ኸላስ!"፣ ሰዎች አበቃ፣ አለና ትራክተር እስኪመጣ ከሎሪው ሥር ጥላ ፈልጎ ጋደም አለ። እኛም ወርደን ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥን።

"ይኸውልዎ፣ አያ፤" አለ ማስተዋል እግሩን እየጠረገ። "ሎሪው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ከእንግዲህ ዕቃ የምንጭነው ጭቃ በማያውቅ ሎሪ ብቻ ነው ይላሉ ወይስ ይገፉታል?"

"እገፋዋለሁ እንጂ!"

"የድሃ ልጅም እንዲሁ ናት። መንገድ ላይ የምትቀረው የምትቀርበትን ነገር የሚገፋላት ስለሌለ ነው። ማኅበሩ የሚያስፈልገው ለዚያ አይደለም? ለማይቀረውማ አባቱ አለለት።"

አያ እንዳለው ጢማቸውን ጎተቱ። ክርክሩ ሲጠብባቸው ወደ ወንጌል ይሸሻሉ፤ ይህን ዶካ ሁሉ ያውቃል።

"ጌታ እኮ፣ 'ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና' ብሏል።"

"ብሏል። ግን የተናገረው መክሊቱን ስለቀበረው ባሪያ ነው። ያ ሰው እኮ መጀመሪያ መክሊት ተሰጥቶታል። ለሄለን ማን ሰጣት? ሳትቀበል ቀበረች ተብሎ ይፈረድባታል?"

"ወይ ጉድ! ደግሞ ትርጓሜ ታውቃለህ?"

"አያቴ ቄስ ናቸው።"

"አየህ! ዘር ከልጓም ይስባል!" ብለው አያ እንዳለው ጭናቸውን መቱ፤ ሠራተኛውም ሳቀ። ማስተዋልም አብሮ ሳቀ፤ ነጥቡን የሰጣቸው እሱ ራሱ ነበርና።

ያን ጊዜ እስካሁን ትንፍሽ ያላለችው አሰፋሽ ተናገረች። ድምፅዋን አላነሣችም።

"አያ፣ እኔ አላማርርም። እርስዎ የሥራ እንጀራ ሰጥተውኛል። ግን ልጄ ገዳሪፍ መግባቷ እንደሁ አይቀርም። ከአጨዳ ስንመለስ ሰው ቤት ልትቀጠር ሴትዮዋን አነጋግሬያለሁ። በክፍል በር ነው የምትገባ ወይስ በማድ ቤት በር፣ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ በማድ ቤቱ በር ገብቼ እስካሁን መውጫውን አላገኘሁትም።"

ነገሩ ከክርክር ወጥቶ የአንዲት ልጅ ኑሮ መሆኑ ለሁሉም የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል። አያ እንዳለው ግን ቃላቸውን በቀላሉ የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

"አሰፋሽ፣ የእናት ሆድ ይገባኛል። አንደኛ እንደምትወጣም ሰምቻለሁ። ቢሆንም አውራ ጣቴ ዋሽቶኝ አያውቅም።"

"እንግዲያው እንፈትነው!" አለ ማስተዋል ብድግ ብሎ። "ትራክተሩ እስኪመጣ ምን ሥራ አለን? ዓይንዎን በነጠላዎ እንሸፍን። እኛ ዝም ብለን እጃችንን እንሰጥዎታለን። ይህ የተማረ፣ ይህ ያልተማረ ብለው ይለዩ። ካወቁ እኔ እስከ አጨዳው መጨረሻ አንድ ቃል አልተነፍስም።"

"አንድ ቃል?"

"አንድ ቃል።"

"ሸፍኑኝ!" አሉ አያ እንዳለው። እዚህ ውርርድ ውስጥ ያስገባቸው አውራ ጣታቸው ነው ወይስ የማስተዋል ዝምታ ምኞት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ሸፈንናቸው። ጨዋታው ከስንት ቀን የመንገድ ድካም በኋላ የመጣ ስለሆነ ሁሉም ከበበ፤ ሾፌሩም ከሎሪው ሥር ብቅ አለ። መጀመሪያ የእኔ እጅ ቀረበ።

"ይህማ ምን ይጠየቃል? ቅቤው ነው! የተማረ።"

ትክክል። ጭብጨባ። አያ እንዳለው ደረታቸውን ነፉ። ቀጥሎ የታምሬ እጅ ቀረበ። ዳሰሱ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈተሹ።

"አሃ፣ ይህ ከቅቤውም ይበልጣል። ይህ ድጓ የዘለቀ መሪጌታ ነው። ከሠራተኛው መካከል እንዲህ ያለ ሊቅ ሸሽጋችሁ ኖሯል?"

ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ታምሬ ክረምቱን በሙሉ ካርታ ሲጫወት የከረመ፣ ስሙን መጻፍ የማይችል ልጅ ነው። ከካርታ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ አንዲት የዶካ ልጅ እጁን ብትይዘው ብሎ ቫዝሊን ሲቀባ ነው ያሳለፈው። "ይፍቱኝ አባቴ" እያለ አንዱ ሲሰግድለት አያ እንዳለው ሳቁን ሰሙና ተጠራጠሩ።

"ምን ያስቃችኋል?"

"ምንም፣ አያ። ይቀጥሉ።"

ሦስተኛው እጅ የጸጋብርሃን ነበር። ጸጋብርሃን ከስደተኞቹ መጠለያ የመጣ፣ አገሩ ሳለ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው፤ ይህንም የምናውቀው ጥቂቶች ነን።

"ይህ የበሬ ቀንበር ነው!" አሉ አያ እንዳለው። "የትምህርት ቤት ደጅ አይቶ አያውቅም። ቢሆንም ጎበዝ ነው፣ እግዜር ይስጠው።"

"አሜን፤" አለ ጸጋብርሃን በከባድ ድምፁ። ሰው እንደገና ሳቀ፤ እሱም ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማስተዋል ዞር ብሎ ሄለንን በዓይኑ ጠቀሳት። ልጅቷ አፍራ ወደ እናቷ አየች። አሰፋሽ ራሷን ነቀነቀች። ሄለን ቀርባ ሁለት እጇን ዘረጋች።

አያ እንዳለው መዳፏን ያዙ። ከጣቶቹ ሥር ያለውን ጠጠር የመሰለ ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። እንደ ተረከዝ የደደረውን የመዳፏን ጥግ ዳሰሱ። በሰልፉ ላይ ማስተዋልን ሲያገኙ የበራው ፊታቸው በነጠላው ሥር እንደገና ሲበራ አየሁት።

"እሰይ፣ እሰይ! ይህን ጎበዝ የት ደብቃችሁት? ይህ ብዙ አጨዳ ያለፈ እጅ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ብረት ነው። እኔ ሁለት ሰው ሰጥቼ ይህን አንዱን እወስዳለሁ። አንተ ጎበዝ፣ ስምህ ማነው?"

"ሄለን ነኝ፣ አያ፤" አለች ልጅቷ።

የሚስቅ አልነበረም። አያ እንዳለው ነጠላውን ከዓይናቸው ላይ ሳቡ። ፊት ለፊታቸው ደረታቸው ጋ የምትደርስ ልጅ ቆማለች። እጇን አልለቀቁም።

"ዶካ ላይ የዳሰስሁት ይህን እጅ ነው?"

"አዎ፣ አያ።"

"ምን አደረገው?"

"ገመዱ ነው። የውሃው ገመድ።"

"የትኛው ውሃ?"

ልጅቷ ጥያቄው የገባት አልመሰለችም። ለሷ ግልጽ ነበር።

"እርሻው ላይ ያለው ነዋ። ሠራተኛው የሚጠጣው። እናቴ ወጥ ትሠራለች፣ እኔ እቀዳለሁ። አምናም ካቻምናም እኔ ነበርሁ የምቀዳ።"

አያ እንዳለው የልጅቷን እጅ ለቀቁ። ከዚያ የራሳቸውን መዳፍ ገልብጠው አዩት። በጎበዝነታቸው ዘመን እንደ ቀንድ ደርቆ የነበረ እጅ፣ ወኪል ከሆኑ ወዲህ ለስልሶ ኖሯል። በራሳቸው አውራ ጣት ዳሰሱት።

"ይህስ የማን እጅ ነው?" አሉ ቀስ ብለው። "እንደ እኔ ፈተና ከሆነ እኮ እኔ ነኝ ገዳሪፍ መሄድ የነበረብኝ። ፊደል አልቆጠርሁ!"

ታምሬ ሊስቅ ሲል በክርኑ የደቆሰው ሰው ነበር።

"ዲግሪው፣ ና እስቲ፤" አሉ አያ እንዳለው። "አንተ ስትከራከረኝ መልስ ነበረኝ። ለዚህች ግን የለኝም። የእኔን ሰው ውሃ እያጠጣች እጇ ሻከረ፤ ስለሻከረ ደግሞ እኔው ጣልኋት። ሻካራውን የሠራሁት እኔ፣ በሻካራው የፈረድሁት እኔ። እንዲህ ያለ ዳኛ ሌላ አገር ይኖር ይሆን?"

"በየአገሩ ሞልቷል፣ አያ። ልዩነቱ ሌላው ዓይኑን የሸፈነበትን ነጠላ አለማውለቁ ነው።"

"መዳፍ አልዋሸኝም እኮ!"

"አልዋሸዎትም። መዳፍ የሚናገረው ሰው ትናንት ምን ሲሠራ እንደዋለ ነው፤ እውነቱን ነው የሚናገር። ነገ ምን መሥራት እንደሚችል ግን አይናገርም። ያን የሚያውቁት ዕድል ሰጥተው ሲያዩት ብቻ ነው። ሰሊጥን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቋታል፤ ቀኗ ካለፈ ፈንድታ መሬት ላይ ትረግፋለች። ያን ጊዜ 'ዘሩ መጥፎ ነበር' ይላሉ?"

"የለም። 'ዘገየሁ' ነው የምል።" ወደ ሄለን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰኞ ነው ትምህርቱ የሚጀመር አላልሁም? መካኒክ! ስልክ አምጣ። ኪዳነማርያምን ጥራልኝ።"

ኔትወርክ የሚገኘው ሎሪው አናት ላይ ስለነበር፣ አያ እንዳለው በአራት ሰው ተገፍተው ወጡ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስለከፈትሁት ንግግሩን ሜዳው ሁሉ ሰምቷል።

"ኪዳነማርያም፣ እንዳለው ነኝ። የት ነህ?"

"ከዶካ ተነሥተን አውቶቡስ ላይ ነን፣ አያ። ኢሳያስን ገዳሪፍ ላደርስ ነው።"

"ስማኝ ወንድሜ። አንድ ነገር ተሳስቻለሁ። የማኅበሩን ቦታ ለአሰፋሽ ልጅ ልሰጥ ነው። አንተ ያለህ ሰው ነህ፤ ልጅህን በራስህ ታስተምራለህ። ብትቀየመኝ ሙሴነቴን ውሰድ።"

ከስልኩ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

"ተመስገን! እኔ መቼ ስጡኝ አልሁ፣ አያ? ከሚካኤል ማኅበር የመጣ በረከት እምቢ ቢሉት ይቀስፋል ብዬ ነው የተቀበልሁ። ሚስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ቀና ብላ አልሄደችም። ልጅቷስ የት ናት?"

"እዚሁ ከአስፋልቱ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ቀርተናል።"

"በሉ መንገድ ዳር አቁሟት። እኔው አደርሳታለሁ።" ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "የማኅበሩ የድግስ ተራዬ ግን አይነሣብኝም?"

"አይነሣብህም!"

ከበስተጀርባ የልጅ ድምፅ ጮኸ፦ "አባዬ፣ ሄለን ትመጣለች? ወላሂ? ሂሳቡን የምታሳየኝ እኮ እሷ ናት!"

አያ እንዳለው ስልኩን ዘግተው ወደ ታች አዩን። "ሰማችሁ? ሐሩን ስታስተምር የነበረች ብረቷ ኖራለች" አሉ።

አሰፋሽ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ጠርጋ አልጠግብ አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

"ውሃውንስ፣ አያ? እኔ ወጥ ስሠራ ማን ይቀዳል?"

ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር። ብዙ መልካም ውሳኔ የሚሞተው በንግግር ማነስ አይደለም፤ ልጅቷ ትታው የምትሄደውን ባልዲ የሚያነሣ ሲጠፋ ነው። ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

"እኔ እቀዳለሁ፤" አሉ አያ እንዳለው።

"እርስዎ?"

"እኔና የእህቴ ልጅ። መሪጌታ ታምሬ!"

"አቤት!" አለ ታምሬ በሐዘን።

ሄለንን አጅበን ወደ አስፋልቱ ወጣን። ጓዟ የእርሻ ጓዝ ነበር፤ አንድ ቀሚስና አንድ ጋቢ። ጸጋብርሃን ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጣት፤ አስተማሪ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ወደ አጨዳ መውጣቱ ያኔ ነው ያስገረመኝ። አውቶቡሱ ቆመ። ኪዳነማርያም ከበሩ ወርዶ አሰፋሽን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ኢሳያስ የመስኮቱን ቦታ ለሄለን ለቀቀላት፤ ያችን ቦታ መልቀቅ ለአንድ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ መንገደኛ ያውቃል።

ልጅቷ በመስኮት እጇን ዘረጋች። አያ እንዳለው ልማድ ሆኖባቸው መዳፏን ገለበጡት። አውራ ጣታቸው ሊዳስስ ተነሣና ቆመ። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላቸውና ጭብጧን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ይለስልስ፣ ልጄ፤" አሉ። "ይለስልስ። የኔው ይሻክር።"

ትራክተሩ ሲመጣ እኛ ቀድመን ሎሪውን ገፍተን አውጥተነው ነበር።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ ዶካ ተሰበሰበ። ሄለን ከገዳሪፍ መጥታ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። አያ እንዳለው ሊናገሩ ተነሡ፤ መዳፋቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ የታምሬም እንዲሁ። የዶካዋ ልጅ ስለ ጨርቁ አዝና እጁን ይዛዋለች፤ ስለዚህ ቫዝሊን ያላመጣውን ገመድ አመጣው ማለት ነው።

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣" አሉ አያ እንዳለው፣ "ከእንግዲህ ልጅ ስንመርጥ እጁን አንዳስስም። 'ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ብትሄድ ቤቷ ውስጥ የሚጎድለው ምንድን ነው?' ብለን እንጠይቃለን። የሚጎድለው ውሃ ከሆነ ውሃውን እንቀዳለን፤ ሕፃን መጠበቅ ከሆነ ሕፃኑን እንጠብቃለን። ደብተር ብቻ ገዝተን ባልዲውን ጫንቃዋ ላይ ብንተወው፣ ሰጠን አይባልም። ያለው ሰው ልጁን ያስተምር፤ ማኅበሩ ለሌለው ይቁም። ዛሬ የአሰፋሽ ልጅ ብትማር የምትጠቀም አሰፋሽ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ነገ ሐኪም ቤት ስንሄድ የሚያስተረጉምልን፣ ከባለ እርሻው ጋር ስንዋዋል የተጻፈውን የሚያነብልን፣ ታናናሾቿን የሚያስጠና ሰው አገኘን ማለት ነው። የሀብታም ልጅ ብቻ ከተማረ የምናገኘው አንድ የተማረ ሀብታም ነው፤ እሱ ደግሞ ድሮም ነበረን።"

"ኸረ ቀስ!" አለ ኪዳነማርያም፤ ቤቱም ሳቀ።

ማስተዋል በዚያው ቀን ሥራ ተጨመረለት። በእርሻው ሰፈር ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለው ዳስ፣ ከጸጋብርሃን ጋር ሆኖ ማታ ማታ ሠራተኛውንና ልጆቹን እንዲያስተምር ማኅበሩ ወሰነ። ከተመዘገቡት ፊተኛው አያ እንዳለው ናቸው።

እኔም በማግስቱ እርሻው ላይ በተከልሁት የፀሐይ ኃይል ላይ አንድ መብራት ጨመርሁና ለዳሱ ሰቀልሁ። ስጨርስ አያ እንዳለው እርሳሳቸውን በተጠቀለለ እጃቸው እንደ ማጭድ ጨብጠው "ሀ" ሲጽፉ አገኘኋቸው። ፊደሉ ወደ ጎን ተንጋዷል። ወደ ገዳሪፍ ከመመለሷ በፊት ከእናቷ ጋር እርሻው ያደረችው ሄለን ከአጠገባቸው ቁጢጥ ብላ እጃቸውን ይዛ ታቀናላቸዋለች።

"እንዴት ነው፣ አያ?" አልኋቸው።

"ብዕር ለሻካራ እጅ ይሻላል፣ ልጄ፤" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "አያንሸራትትም።"